ድልድይ የሌላት ኢማባሪ

ባለፈው ሳምንት ሞርስ ሮድ ላይ ካለ ሱቅ አንድ ከረጢት መንደሪን ገዝቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ብርዱ ፊት ይልጣል። ሂተሩን ለቀቅኩና አንዱን መንደሪን እዚያው ላጥኩ። ልጣጩን የምጥልበት ሳጣ ሙቀቱ የሚወጣበት ቦታ ላይ ጣል አደረግኩት። ትንሽ ሳይቆይ መኪናው በማውቀው ሽታ ተሞላ፤ እኔም ፓርኪንጉ ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ ተመልሼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ። ቦታውን እንድለቅለት ከኋላዬ የሚጠብቀው ሰውዬ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

ሽታው የጋሼ መኮንን ነው። ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አራተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ በረዶው ሲጀምር ከአዲስ አበባ መጥተው ኮሎምበስ ኦሃዮ፣ ኖርዝላንድ ሰፈር በነበረችው ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማችን ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። ክፍሌን ለእሳቸው ለቅቄ ሳሎን ሶፋ ላይ ተዛወርኩ። በዚህ አኩርፌ ያን ሰሞን ሁሉ ሰላም አላልኳቸውም። እሳቸው ግን ማኩረፌንም ያወቁት አይመስሉም ነበር። ጠዋት ጠዋት መንደሪን ይልጡና ልጣጩን መስኮቱ ሥር ባለው ማሞቂያ ላይ ይደረድሩታል፤ ግማሹን ፍሬ ትራሴ አጠገብ አስቀምጠው ወደ ክፍሌ ይመለሳሉ። በመንደሪን ታረቅን።

በወጣትነታቸው የመርከብ ሠራተኛ ነበሩ። ሞተር ክፍል ውስጥ እየሠሩ፣ ከአሰብ እየተነሱ ብዙ አገር አይተዋል። እውነቱን ለመናገር አላመንኳቸውም ነበር። ኦሃዮ ለተወለደ ልጅ ባሕር ማለት ቴሌቪዥን ውስጥ ያለ ነገር ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ ክፍላችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ ከየትኛውም ባሕር ጋር አትገናኝም። ባሕር የሌለው አገር መርከብ ከየት ያመጣል? አንድ ቀን ይህንኑ ብጠይቃቸው "ነበረን" አሉኝ። መርከቡን ይሁን ባሕሩን አልነገሩኝም።

ከገና ዕረፍት ስንመለስ አስተማሪያችን አንድ ሥራ ሰጠችን። እያንዳንዳችን ባሕር ጠረፍ ላይ ያለች ከተማ እንመርጣለን፤ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ትልቅ ከተማ ግን አትሁን፣ መካከለኛ ትሁን። የት እንደምትገኝ፣ ሰዎቿ ምን እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ምን የሚያስገርም ነገር እንዳላት በትልቅ ወረቀት ላይ ጽፈንና ሥለን ክፍል ፊት እናቀርባለን። ቤት ገብቼ ለጋሼ ነገርኳቸው። ያኔ የምናገረው አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ ነበር። አንቱታም አልገባልኝም፤ አያቴ ሊሆኑ የሚችሉትን ሰውዬ "አንተ" ነበር የምላቸው። እማዬ በእፍረት መሬት ልትገባ ስትደርስ፣ እሳቸው "ተያት እባክሽ፣ መርከብ ላይ አንቱታ የለም" ይሏት ነበር።

"ጋሼ፣ ባሕር ያለው ሲቲ ታውቃለህ? ግን በጣም ቢግ ያልሆነ?"

"ኢማባሪ" አሉ፣ ስማቸውን የተጠየቁ ይመስል።

"ዌር ኢዝ ኢት?"

"ጃፓን። አንቺ ጻፊ፣ እኔ እነግርሻለሁ።"

ኢማባሪ መርከባቸው ተበላሽታ ለጥገና የገባችባት ከተማ ናት። ጥገናው እየተጓተተ ሠራተኞቹ የብርዱን ወራት በሙሉ እዚያ ከረሙ። ከጋሼ ጋር አንድ ክፍል ይጋሩ የነበሩት የመርከቧ ወጥ ሠሪ ጋሼ ኃይሉ ናቸው። እኚህን ሰው በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም፤ ድምፃቸውን ግን ከሺህ ድምፅ መካከል እለየው ነበር። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሼ መኮንን አዲስ አበባ ደውለው ስልኩን ስፒከር ላይ ያደርጉትና ሁለቱ ይጨቃጨቃሉ። ጭቅጭቁ ሁልጊዜ ስለ ኢማባሪ ነው። ያ ዶሮ ጠባሽ ከባቡር ጣቢያው በስተቀኝ ነበር ወይስ በስተግራ? የመርከብ ማደሻው ዘበኛ ፂም ነበረው ወይስ አልነበረውም? ሰው እንዴት ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ዶሮ ጠባሽ ይጣላል እያለች እማዬ ትስቅባቸው ነበር።

ከተማዋን በጋሼ አፍ እንዲህ ጻፍኳት። ኢማባሪ ሺኮኩ በምትባል ደሴት ላይ ናት። ፊት ለፊቷ ያለው ባሕር በትናንሽ ደሴቶች የተሞላ ነው። ኮሎምበስን አታህልም፤ መንደር ናት የሚላት ግን ይሳሳታል። ሰዎቿ በተለይ ሁለት ነገር ይሠራሉ፤ መርከብና ፎጣ። እዚህ ላይ ብዕሬን አቆምኩ። መርከብንና ፎጣን ምን አገናኛቸው? ትንሽ ካሰብኩ በኋላ መልሱን ራሴ አገኘሁት፤ መርከብ ውሃ ውስጥ ውሎ ሲወጣ መደረቅ አለበት። ወረቀቴ ላይ አንድ ትልቅ መርከብ በትልቅ ፎጣ ተጠቅልሎ ሣልኩ። ጋሼ አይተው ሣቃቸውን ዋጡ እንጂ አላረሙኝም።

ከዚያች ከተማ የገዙት ፎጣ ነበራቸው፤ ጠርዙ የተተለተለ፣ ሰማያዊነቱ አልቆ ግራጫ የሆነ። እማዬ ብዙ ጊዜ ልትጥለው ሞክራ አልተሳካላትም። ጋሼ ጥሩ ፎጣ እንዴት እንደሚለይ ሊያሳዩኝ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ሞሉና ከፎጣቸው ጠርዝ የተላቀቀች ቁራጭ ጣሉበት። ወዲያው ሰጠመች። ቀጥለው የእማዬን አዲስ የወጥ ቤት ፎጣ ጫፍ በመቀስ ቀንጠብ አድርገው ጣሉ። ተንሳፈፈች።

"አየሽ? ይሄ ውሃ አይጠጣም። ለታይታ ነው የተሠራው" አሉኝ።

እማዬ ከሥራ ስትገባ ፎጣዋን አይታ ጮኸች። እኔ "ጋሼ ነው" አልኩ፤ ጋሼ ደግሞ "የትምህርት ቤት ሥራ ነው" አሉ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የውሃው ነገር ነው። ከከተማዋ አጠገብ በደሴቶቹ መካከል ጠባብ መተላለፊያ አለ። እዚያ ባሕሩ እንደ ወንዝ ይፈሳል፤ ግን እንደ ወንዝ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይሄድም። ሲያሻው ይዞራል፣ ቦታ ቦታ ላይም እየተሽከረከረ ይሰረጉዳል። መተላለፊያው ሁለት በር አለው፤ መርከቦች ውሃው ሲገፋቸው በአንደኛው፣ ውሃው ሲመጣባቸው በሌላኛው በር ነው የሚያልፉት።

"ውሃው መዞሩን ማን ይነግራቸዋል?" አልኳቸው።

"ዳር ላይ የመብራት ምልክት አለ። እሱን አንብበሽ ነው የምትገቢው።"

በማግስቱ ስኩል ባስ ውስጥ ተቀምጬ ሞርስ ሮድን አየሁት። ጠዋት በቀኝ የሚነዱት መኪናዎች ከሰዓት በኋላ ሁሉም በግራ ቢነዱስ? ምልክቱን ያላነበበ ሰው ምን ይውጠዋል?

ከዚያ ድልድዩ መጣ። ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ኢማባሪ ብዬ ስፈልግ፣ ሦስት የተንጠለጠሉ ድልድዮች እርስ በርስ ተያይዘው ያንን ጠባብ ባሕር ሲሻገሩ አየሁ። ነጭ፣ ረጅም፣ ሰዎች በብስክሌት የሚያቋርጡት። ሥዕሉን አትሜ ቤት በረርኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

"ይሄ ኢማባሪ አይደለም።"

"ኢማባሪ ነው! ተጽፏል፣ ሉክ!"

"እኔ ነኝ የኖርኩባት ኮምፒውተሩ? እዚያ ድልድይ የለም። ሰው በጀልባ ነው የሚሻገረው። ሌላ ከተማ ነው ያሳየሽ።"

ተጨቃጨቅን። እኔ አለ፣ እሳቸው የለም። በመጨረሻ ሁለታችንም ደክሞን፣ "በቃ፣ እሑድ ለኃይሉ እንደውልና እሱ ይፍረድ" አሉ። በዚህ ተስማማን። ወረቀቴ ላይ ድልድዩን ካልሆነ በላጲስ እንዲጠፋ ብዬ በእርሳስ ብቻ ሣልኩት።

እሑድ ደረሰ፤ ስልኩ ግን አልሠራ አለ። አባዬ ከጋሼ እጅ ተቀብሎ እንደሚያስተካክል ሰው አገላበጠው።

"ጋሼ፣ ኢትዮጵያ ኔትወርክ የለም አሉ። ስልክህም አፕዴት ይፈልጋል፤ እኔ ጋ ይቆይ" አለና ኪሱ ከተተው።

ጋሼ ኃይሉ ሞተው ነበር። በድንገት ነው ያረፉት፤ አባዬ የሰማው ኒው አልባኒ በሚሠራበት መጋዘን፣ ናይት ሺፍት ላይ እያለ ነው። ቤታችን ውስጥ ይህን የማናውቀው ጋሼ መኮንንና እኔ ብቻ ነበርን። በእኛ ዘንድ ሞት ሰው ቁጭ ባለበት ዝም ብሎ አይነገርም። መርዶ ወግ አለው። ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ሊነጋጋ ሲል፣ ሰውዬው ከመኝታው ሳይነሳ፣ ቄስ ወይም ትልቅ ሰው ቀድሞ ይገባና ይነግረዋል፤ ሌላው ከኋላ ሆኖ ይደግፈዋል። እስከዚያ ድረስ ያወቀ ሁሉ አፉን ይይዛል። ጋሼ ደግሞ የልብ ሕመምተኛ ናቸው። ከአንድ ሰው አፍ ድንገት ቢያመልጥና ብቻቸውን ቢሰሙት ልባቸው አይችለውም ብለው ቤተሰቡም እድሩም ፈርተው ነበር። ይህን ሁሉ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ማንም አልነገረኝም፤ ለልጅ እንኳን መርዶው፣ መርዶ የሚባል ነገር መኖሩም አይነገርም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሶፋዬ ላይ ጃኬቴን ተከናንቤ ተኝቼ ነበር። የተኛሁ መስሏቸው እማዬና የእድራችን ሰብሳቢ እትዬ አስካለ ወጥ ቤት ቆመው ይንሾካሾካሉ።

"ቅዳሜ ሳይነጋ ይሁን" አለች እማዬ። "ብዙው ሰው ኦፍ ነው። ናይት የሚሠሩትም ሲወጡ ቀጥታ ይመጣሉ። አባም እመጣለሁ ብለዋል።"

"ብቻ ምንም እንዳይጠረጥሩ" አሉ እትዬ አስካለ። "ልባቸውን ታውቂዋለሽ፣ ክፉኛ ነው የሚደነግጡት።"

"ወንበርስ ከየት እናመጣለን?"

"የእድሩን ታጣፊ ወንበሮች እኔ አመጣለሁ። መኪናችሁ ውስጥ ደብቋቸው። ሳህንና መጠጡን አንቺ ግዢ። ልጅቷም እንዳትሰማ፣ አፏ አያርፍም።"

ጃኬቴ ውስጥ ሆኜ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። ገብቶኛል! ከጥቂት ሳምንት በፊት የክፍል ጓደኛዬ አባት ልደት ላይ ተጠርቼ ነበር። ሁላችንም ከሶፋ ጀርባ ተደብቀን፣ ሰውዬው በሩን ሲከፍት በአንድ ድምፅ "ሰርፕራይዝ!" ብለን ጮኸን፤ ደንግጦ ግሮሰሪውን መሬት ላይ በተነው፣ ከዚያም አለቀሰ። ይኸው ነዋ። መንሾካሾኩ፣ የተደበቀው ወንበር፣ መደንገጡ። ለጋሼ መኮንን ሰርፕራይዝ በርዝዴይ ሊያደርጉላቸው ነው።

የልደታቸው ቀንም ገጠመልኝ። ወረቀታቸው ላይ የተወለዱት ጃንዋሪ አንድ ነው፤ ትንሽ አልፏል፣ ግን እኛ ሁሌም እንደምናረፍድ አውቃለሁ። አባዬም ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለደው። እትዬ አስካለም ጃንዋሪ አንድ። የተወለደበትን ቀን በትክክል ለማያውቅ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ያን ቀን እንደሚሞሉለት አላወቅኩም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን የሚወለድ ይመስለኝ ነበር። ያልገባኝ ነገር ሳይነጋ መሆኑ ነው፤ እሱንም አብሰልስዬ ፈታሁት። ናይት ሺፍት የሚወጣው ንጋት ላይ ነው፤ ስለዚህ ለሁሉም የሚመቸው ሰዓት እሱ ነው። እማዬ ጥቁር ቀሚሷን ስትተኩስ ሳይ ደግሞ ፓርቲው የዋዛ እንዳልሆነ ተረዳሁ።

በዚያ ሳምንት ቤታችን እንደዚያ ጠባብ ባሕር ዞሮ ነበር። እኔ ደግሞ ምልክቱን አንድ በአንድ አንብቤ በተሳሳተው በር ገባሁ።

የእኔ ስጦታ ምን እንደሚሆን ወዲያው ወሰንኩ። ኢማባሪን ጨርሼ ቅዳሜ ጠዋት፣ ለክፍል ልጆች ከማቅረቤ በፊት፣ ለእሳቸው አቀርባለሁ። ግን ከተማዋ ጎደሎ ነበረች። ጋሼ የሚያውቁት መርከቡን፣ ፎጣውንና ውሃውን ነው። ምግቡን፣ ሰዎቹን፣ ኮምፒውተር ላይ ያየሁትን የጥንት ግንብ ስጠይቃቸው "እሱን ኃይሉ ነው የሚያውቀው" ብለው ያልፉኛል። ኃይሉ ጋ ለመድረስ ደግሞ ኔትወርክ የለም። ማክሰኞ አባዬን "ጋሼ ኃይሉን ኮል አድርግልኝ፣ ለስኩል ነው" ስለው ፊቱን አዙሮ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ጫማው የሚታሰር አልነበረም።

ሐሙስ ከስኩል ባስ ስወርድ ጋሼ እንደ ልማዳቸው ፌርማታው ላይ ይጠብቁኝ ነበር፤ ፎጣዋን ካፖርታቸው ውስጥ አንገታቸው ላይ ጠምጥመዋል። ሆዴ ምስጢሩን መያዝ አቃተው።

"ጋሼ፣ አይ ካንት ቴል ዩ፤ ግን ቅዳሜ የሆነ ነገር አለ።"

"ምን አለ?"

"አልነግርህም! ሰዎች ይመጣሉ። ብዙ ሰዎች።"

"ስንት ሰዓት?"

"ጠዋት። ቬሪ ኧርሊ። ሳይነጋ።"

ጋሼ ቆሙ። ቦርሳዬን ይዘውልኝ ነበር፤ ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት።

"ማን ማን ነው የሚመጣው?"

"እትዬ አስካለ፣ የእድር ሰዎች፣ አባ። ኤቭሪባዲ! ሁሉም ያውቃሉ፣ አንተ ብቻ ነህ የማታውቀው።"

አባ የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ናቸው፤ ቄስ ልደት ላይ ምን እንደሚሠራም አስቤበት ነበር። ኬኩን ሊባርክ ነው።

ጋሼ የፌርማታው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በረዶውን እንኳ ሳይጠርጉ ተቀመጡ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "ስልኬን ወሰደው" አሉ ለራሳቸው። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ኃይሉ" አሉ፣ ጎረቤት እንደሚጣራ ሰው ሳይሆን ቀስ ብለው። የድልድዩ ክርክር ትዝ ብሏቸው መሰለኝ።

"እሑድ ኔትወርክ ሲመጣ እንጠይቀዋለን" አልኳቸው።

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ አንዴ፣ ደግመው። መኪናዎች በረዶውን እየረጩ አለፉ። እኔ የጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው፤ ፓርቲውን ያበላሸሁ መሰለኝ።

"ጋሼ፣ እንደነገርኩህ እንዳያውቁ። ቃል ግባልኝ። ሲመጡ እንዳላወቀ ሰው ትደነግጣለህ። ኦኬ?"

ፊቴን ብዙ አዩት። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ብርዱ ነው አልኩ።

"እደነግጣለሁ" አሉ። "ቃሌ ነው።"

ቤት እንደገባን ካፖርታቸውን ሳያወልቁ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡና "ወረቀትሽን አምጪ። ዛሬ ኃይሉ የሚያውቀውን ነው የምንጽፈው" አሉኝ። ግራ ገባኝ። ያ ሁሉ "ኃይሉን ጠይቂ" የት ሄደ? ጋሼ ግን ሁሉንም ያውቁት ነበር። ዶሮዋ በብረት ምጣድ ላይ ከላይ በከባድ ብረት ተጭና እንደምትጠበስ፣ ጋሼ ኃይሉ ይህን አይተው መርከቧ ላይ ከሞተር ክፍል በተወሰደ ብረት እንደሞከሩትና ዶሮው ሁሉ ግሪስ ግሪስ እንዳለ ነገሩኝ።

ግንቡ ባሕሩ አጠገብ ነው፤ ዙሪያውን የከበበው ቦይ የባሕር ውሃ ነው፣ የባሕር ዓሣም ይገባበታል። ጋሼ ኃይሉ ቦይው ውስጥ ደንደን ያሉ ዓሣዎች አይተው ወጥ ሠሪነታቸው ተነሳባቸው። ጥበቃውን ጠጋ ብለው በምልክት "ስንት ትሸጥልኛለህ?" አሉት። ሰውዬው ያልገባውን ነገር በትህትና ሊመልስ እጅ ነሣ። ጋሼ ኃይሉ ደብረ ማርቆስ ያደጉ ናቸው፤ ሰው እጅ ሲነሳ ዝቅ ብሎ አጸፋውን አለመመለስ፣ ቀድሞም ቀና ማለት ነውር ነው። እሳቸውም ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ሰውዬው ይበልጥ ዝቅ አለ። እሳቸውም ባሱበት።

"አንዱ እስኪተው ሌላው አይተውም!" አሉ ጋሼ እየሣቁ። "ሰው ተሰብስቦ ያያቸዋል። እኔ በመጨረሻ ኃይሉን በኮቱ ጎትቼ ነው ያወጣሁት። መንገድ ላይም ዞር እያለ እጅ ይነሣ ነበር።"

ሣቃቸው ሲያበቃ እንባቸው አላበቃም። በፎጣዋ ጠረጉት። በጣም ሲያስቅ እንደዚያ ይሆናል ብዬ እኔም አብሬ ሣቅኩ።

ልጣጩንም ያን ዕለት ነው የነገሩኝ። የመርከብ ማደሻው ዘበኛ ቤቱ ጠርቷቸው፣ ብርድ ልብስ ከለበሰና ሥሩ ማሞቂያ ካለው አጭር ጠረጴዛ ሥር እግራቸውን ከትተው መንደሪን ይበሉ ነበር። ጋሼ ኃይሉ እዚያው እንቅልፍ ወስዷቸው ካልሲያቸው ተቃጠለ። ማደሪያቸው ሲመለሱ ደግሞ የጋሼ መኮንን የሞተር ዘይት ሽታ አላስተኛ አላቸው። ተነሥተው የመንደሪን ልጣጭ ማሞቂያው ላይ ደረደሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪወጡ ድረስ ልጣጭ ሳይደረድሩ አላደሩም።

"እና እስከ ዛሬ ያንተ ሽታ አልለቀቀም?" አልኳቸው።

"አይመስለኝም" አሉ።

ዓርብ ከሰዓት በእርሳስ የሣልኩትን ድልድይ ልሰርዝ ላጲስ ሳነሳ እጄን ያዙኝ።

"ተይው። በቀለም ሣይው።"

"የለም አላልክም?"

"እኛ ሳለን አልነበረም። ከእኛ በኋላ ሠርተውት ይሆናል።"

"ጋሼ ኃይሉ ሳይፈርድ?"

"አንቺ ነሽ ትክክል" አሉ። ይህ ከሁሉ በላይ ግራ አጋባኝ። ጋሼ መኮንን ክርክር ሲለቁ አይቼ አላውቅም ነበር። ድልድዩን በነጭና በሰማያዊ ቀለም ሣልኩት፤ ማሸነፌ ግን አላስደሰተኝም።

ቅዳሜ ሳይነጋ ነቃሁ። ቢጫ የፓርቲ ቀሚሴን ለብሼ፣ ወረቀቴን ጠቅልዬ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። የመንደሪን ሽታ ሳሎኑን ሞልቶት ነበር፤ ማሞቂያው ላይ ትኩስ ልጣጭ ተደርድሯል። ማን መቼ እንዳስቀመጠው አልገባኝም። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና ሰዎች እግራቸውን እያነሱ ገቡ። አባዬ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው። እማዬ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳለች። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አባ መስቀላቸውን ይዘዋል። ማንም ከሶፋ ጀርባ አልተደበቀም። ፊኛ የያዘ የለም። እማዬ ቢጫ ቀሚሴን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች፤ ግን ጊዜው አልፎ ነበር፤ አባ የጋሼን በር ሊያንኳኩ እጃቸውን አንሥተዋል።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ጋሼ መኮንን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስረው፣ ፎጣዋን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ቆመው ነበር።

"ሰርፕራይዝ!" አልኩ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ። ወረቀቱን ዘረጋሁት።

ብቻዬን ነበር የጮኽኩት። እትዬ አስካለ ቀና ብለው ጣራውን አዩ። ጋሼ ሰዎቹን አንድ በአንድ አይተው፣ ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ።

"ደነገጥኩ" አሉኝ። "ልጄ፣ በጣም ነው የደነገጥኩት።"

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጋሼ መኮንን፣ እኛ የመጣነው…"

"አውቃለሁ አባታችን። ኃይሉ ነው።" ድምፃቸው ተሰበረ፤ ግን አልወደቁም። "ተነግሮኛል።"

"ማን ነገራቸው?" አሉ እትዬ አስካለ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። አባዬ እማዬን አየ፣ እማዬ አባዬን።

"ቀስ ብሎ የነገረኝ ሰው አለ" አሉ ጋሼ። "እኔም ቀስ ብዬ ሰማሁት። ተቀመጡ። ከማልቀሳችን በፊት ይቺ ልጅ የምታነበው ነገር አላት።"

ታጣፊ ወንበሮቹ ተዘረጉ። ጥቁር የለበሱት ሰዎች ተቀምጠው ስለ ኢማባሪ አነበብኩላቸው። የት እንደምትገኝ፣ መርከቡን፣ ፎጣውን፣ የሚዞረውን ውሃ። ጋሼ ኃይሉ እጅ የነሡበት ቦታ ስደርስ አባዬ ሣቀ፤ ሣቁ መሐል ላይ ተቆርጦ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ጋሼ "እሱን ኃይሉ አላየውም" አሉና ፊታቸውን ፎጣዋ ውስጥ ቀበሩ። ያኔ ለቅሶው ተነሣ። ትልልቅ ሰዎች በአንድ ድምፅ ሲያለቅሱ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ወረቀቴን እንደያዝኩ መሐል ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ምን እንዳጠፋሁ አላወቅኩም። እማዬ እጄን ይዛ መታጠቢያ ቤት አስገባችኝና ነገሩን ነገረችኝ፤ ቢጫውን ቀሚስም አወለቀችልኝ።

እስከ ከሰዓት ድረስ የሰው ካፖርት በተከመረበት አልጋ ላይ፣ ከካፖርቶቹ ሥር ተደብቄ አለቀስኩ። ስለ ጋሼ ኃይሉ ነው፤ ስለ እፍረቴም ነው። የጋሼ መኮንን እጅ ካፖርቶቹን ገልጦ እስኪያገኘኝ ድረስ ማንም አልፈለገኝም። ግማሽ መንደሪን ይዘው ነበር። አጠገቤ ተቀመጡ።

"እሱ ሰርፕራይዝ ያልሽው" አሉ። "ምንድን ነው እሱ?"

አፍንጫዬን ጠረግኩ። በማውቀው አማርኛ ለማስረዳት ሞከርኩ።

"የሚወዱህ ሰዎች አንተ የማታውቀው ነገር ያውቃሉ። ግን ይደብቁሃል። ከዚያ ሁሉም በአንዴ ይመጣሉ። ትደነግጣለህ። ታለቅሳለህ። ከዚያ ሁሉም አብረውህ ይቀመጡና ትበላለህ።"

ከሳሎን የሰዎቹ ድምፅና የሳህን ኮሽታ ይሰማል፤ እትዬ አስካለ እንጀራ እያዞሩ "ብሉ እንጂ" ይላሉ።

"ይሄማ" አሉ ጋሼ፣ መንደሪኑን እጄ ላይ አስቀምጠው፣ "እኛም ጋ አለ።"